ኮሩን ከመጠምዘዝህ በፊት፦ 7 ዋት ብቻ ስለሚሰጠው አሮጌ የመገናኛ ሬዲዮ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ቀበና ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ አሮጌ የመኪና መገናኛ ሬዲዮ ገዛሁ። ፍሪኩዌንሲው በክሪስታል የሚወሰን ቪ ኤች ኤፍ (ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ ባለው የሚሠራ) ሲሆን ጀርባው ላይ 25 ዋት ይላል፤ ድሮ 162 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር የሚሠራው። ለአማተር 2 ሜትር ባንድ (145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) እንዲሆነኝ 12.125 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አስመጥቼ ቀየርኩለት። 145.500 ላይ ጓደኛዬ የምናገረውን በሬዲዮው ይሰማል፤ የሚያወጣው ግን 7 ዋት ብቻ ነው። የማበራው ከኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ነው፣ አንቴናው አብሮት የመጣው ነው፣ የለካሁትም በሲ ቢ ዋትሜትር ነው። ሁለት ኮይሎች (የሽቦ ጥቅሎች) በካቻቢቴ ስጠመዝዝ ትንሽ ተሻሻለ፣ ካቻቢቴውን ሳነሳ መልሶ ቀነሰ። ፈቃዴን ገና በማውጣት ላይ ነኝ። ቀጥሎ የትኛውን ኮይል ልጠምዝዝ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው የትኛውንም አትጠምዝዝ። ካቻቢቴውን አስቀምጠው። የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ኃይል የሚቀንሱ ወይም የቀነሰ የሚያስመስሉ አራት ነገሮች አሉበት፤ አራቱም ከሬዲዮው ሳጥን ውጭ ናቸው። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ፣ ለ162 የተቆረጠ አንቴና፣ ለ27 ሜጋኸርዝ የተሠራ ዋትሜትር፣ አራተኛው ደግሞ ምንም ያላልክለት ኬብል ነው። እነዚህ ሳይጣሩ ኮር፣ ማለትም ኮይሉ መሐል የምትጠመዘዘዋን ዘንግ፣ መንካት ወገቡን ላመመው ሰው ጥርስ እንደ መንቀል ነው።

በመጀመሪያ ስለነካሃቸው ሁለት ኮይሎች። «ትንሽ ተሻሻለ፣ ካቻቢቴውን ሳነሳ መልሶ ቀነሰ» ያልከው ብዙ ነገር ይነግረኛል። የካቻቢቴው ብረት ኮይሉ ውስጥ ሲገባ እሱ ራሱ የኮሩ ተጨማሪ ሆኖ ይሠራል። ኮይሉ የሚስተካከለው ከነብረቱ ነው፤ ብረቱ ሲወጣ ያገኘኸው ነጥብም አብሮ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ቀኑን ሙሉ ብትጠመዝዝ እንኳ ትክክለኛው ቦታ ላይ አትደርስም። ከዚህ የባሰው ደግሞ እነዚህ ኮሮች ብዙውን ጊዜ ከብረት ዱቄት የተጋገሩ ስለሆኑ እንደ ገል ይሰባበራሉ። መጠምዘዣህ ብረት ያልሆነ ነገር ይሁን። እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩት ከቀርከሃ የጠረብኩትን ነው፤ የፕላስቲክ ኪሮሽ ጫፉን በሞረድ ብትስለውም ይሆናል። ስንት ዙር እንዳዞርክና ወደየት እንደሆነ ካስታወስክ ሁለቱንም ወደነበሩበት መልሳቸው። ካላስታወስክም አትጨነቅ፤ በስተመጨረሻ እንደርስባቸዋለን። ለሌሎቹ ግን ዛሬውኑ ፎቶ አንሳቸው፣ እያንዳንዱ ኮር ላይም በጥፍር ቀለም ትንሽ ምልክት አድርግ።

ይህን አጥብቄ የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ፒያሳ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ሳለሁ፣ በክረምት፣ አንድ ድርጅት ከመኪና ላይ የወረደ ሬዲዮ ላከልን። ወረቀቱ «ኃይል የለውም» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮር ስጠመዝዝ ዋልኩ። አንዱ ውስጥ ለውስጥ ተሰነጠቀብኝ። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ መጡና ምንም ሳይናገሩ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች የፊውዝ መያዣው ግራና ቀኝ ላይ አስቀመጡ፤ «ተናገርበት» አሉኝ። የማይኩን ቁልፍ ስጫን 2 ቮልት እዚያች አንዲት መያዣ ላይ ይጠፋ ነበር። ውኃ ገብቶበት አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። በአሸዋ ወረቀት ጠረግነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥገና እኔ ያበላሸሁትን መመለስ ብቻ ነበር፤ የተሰነጠቀውን ኮር ለማውጣት ብቻ ሁለት ተጨማሪ ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ፈቃድህ እስኪወጣ ድረስ ይህ ሬዲዮ ከአንቴና ጋር መገናኘት የለበትም። ይህን የምለው ለደንብ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አሳይሃለሁ። ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ለመገናኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም፤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ነው ያለው። ከቀበና በእግርህ ትደርሳለህ።

እስከዚያው የሚያስፈልግህ ዳሚ ሎድ ነው፤ ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚቀይር የ50 ኦም ጭነት። ገዝተህ ማምጣት አይጠበቅብህም። 1 ኪሎ ኦም የሆኑ፣ 2 ዋት የሚችሉ 20 ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ስታገናኛቸው ልክ 50 ኦም ይሆናሉ፤ በድምሩ 40 ዋት ይሸከማሉ። የካርቦን ወይም የሜታል ፊልም ይሁኑ። ሽቦ የተጠቀለለበትን ዓይነት አትጠቀም፤ እሱ በ145 ሜጋኸርዝ ሬዚስተር ሳይሆን ኮይል ነው። እግሮቻቸውን በተቻለ መጠን አሳጥረህ በሁለት የመዳብ ቁራጮች መካከል በይዳቸው። ምን አለሽ ተራ ከወረደ አሮጌ ዕቃ ላይ የሚነቀል ሬዚስተርም ይሠራል፤ ብቻ እያንዳንዱን በቴስተር ለካ፣ ያረጀ ካርቦን ኦሙ ከፍ ይላል።

ዳሚ ሎዱ ላይ ዳዮድና ትንሽ ካፓሲተር ካከልክበት ዋትሜትር አገኘህ ማለት ነው። የሞገዱን ጫፍ ቮልቴጅ በቴስተር ታነባለህ፤ እሱን በራሱ አባዝተህ ለ100 ስታካፍለው ዋቱ ይመጣል። 50 ቮልት ካነበብክ 25 ዋት ነው፣ 26 ከግማሽ ካነበብክ 7 ዋት ነው። ዳዮዱ በተቃራኒ አቅጣጫ የዚያን እጥፍ፣ ማለትም 100 ቮልት በላይ የሚችል ፈጣን ዳዮድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሁለት በተከታታይ አድርግ። የሲ ቢ ዋትሜትርህን መሳቢያ ውስጥ አስገባው። የተሠራው ለ27 ሜጋኸርዝ ነው፤ በአምስት እጥፍ በሚበልጥ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ምናልባት ሬዲዮህ አሁንም 7 ሳይሆን 15 እየሰጠ ይሆናል።

ቀጥሎ ቮልቴጅ። እንዲህ ያለ ሬዲዮ 25 ዋት የሚሰጠው 13.8 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ ሞተሩ የሚሠራ መኪና የሚሰጠውን ማለት ነው። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ በተሻለ ቀኑ 12 ይሰጣል። በአሮጌዎቹ ደግሞ የ5 ቮልቱ መስመር ላይ ጭነት ከሌለ የ12ቱ ይወርዳል። የኃይሉ መጠን በግምት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፤ 12 ቮልት ላይ 25ቱ 19 ይሆናል፣ 11 ላይ ደግሞ 16። ምንም ሳይበላሽ ዘጠኝ ዋት ጠፋ ማለት ነው። የምትለካበት ቦታም ወሳኝ ነው፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ሬዲዮው ሶኬት ላይ፣ ያውም እያስተላለፈ። 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ 3 ሜትር ሄዶ 3 ሜትር ሲመለስ፣ በ6 አምፔር ከ1 ቮልት በላይ ይበላል። ለሙከራ ከሁሉም የሚሻለው ጥሩ የመኪና ባትሪ ነው፤ ወፈር ያለ አጭር ሽቦና ፊውዝ አድርግለት። የመብራት መሄድና መምጣት፣ ሲመለስም ቮልቴጁ መዋዠቁ አይነካውም፤ ከስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ የሚመጣው ሁካታም ተቀባዩ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ምርመራ አለ፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሠራ ከሆነ ይህን ሥራ። ሬዲዮው እያስተላለፈ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለካ። 25 ዋት የሚሰጥ ጤነኛ ሬዲዮ ከ4 እስከ 6 አምፔር ይስባል። 7 ዋት እየሰጠ 2 አምፔር ብቻ ከሳበ፣ ኃይሉን የሚያወጣው የመጨረሻው ትራንዚስተር ሥራ ፈትቷል ማለት ነው፤ ወይ ከሱ በፊት ያለው ደረጃ በቂ ግፊት አይሰጠውም፣ ወይ የመከላከያ ሰርኪቱ ይዞታል። 7 ዋት እየሰጠ 6 አምፔር ከሳበ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ13.8 ቮልት ከ80 ዋት በላይ ገብቶ 7 ብቻ ወጣ፤ ቀሪው ሰባ ምናምን ዋት ትራንዚስተሩን እየጠበሰው ነው። ያን ጊዜ ወዲያው አጥፋ። ችግሩ ከትራንዚስተሩ ወዲያ ነው፦ የመውጫ ትሪመሮች (በመጠምዘዝ የሚስተካከሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች)፣ ፊልተሩ፣ ሪሌዩ (አንቴናውን በማስተላለፊያውና በተቀባዩ መካከል የሚቀያይረው) ወይም ኮኔክተሩ። እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ዋትሜትር ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ ጥገናቸው ግን አይገናኝም።

የመከላከያ ሰርኪት ያልኩት አንቴናህን ይመለከታል። ብዙዎቹ የንግድ ሬዲዮዎች ከአንቴናው የሚመለስ ኃይል ሲያዩ ራሳቸውን ለማዳን ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። ለ162 ሜጋኸርዝ የተቆረጠ ሩብ ሞገድ አንቴና 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ145.5 የሚያስፈልገው ግን 49 ያህል ነው። ሜትር አውጥተህ ለካው። አምስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ሬዲዮው ግን «አንቴናዬ ልክ አይደለም» ብሎ እጁን ለመሰብሰብ ትበቃዋለች። ኬብሉም እንዲሁ። አር ጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በዚህ ፍሪኩዌንሲ 15 ሜትር ከሄደ ግማሹን ኃይል መንገድ ላይ ያስቀራል። የቴሌቪዥን ዲሽ ኬብል ከሆነ ደግሞ 75 ኦም ነው፤ ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ነው። ዳሚ ሎዱን በግማሽ ሜትር ኬብል ብቻ ስታገናኘው ኃይሉ ከተመለሰ ሬዲዮህ ጤነኛ ነው፤ ሥራው ጣሪያ ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ሆኖ ኃይሉ ካልመጣ ሳጥኑን ክፈት። አሁንም ኮር ለመንካት አይደለም፣ ለማየት ነው። አጉሊ መነጽር ያዝ። አሥርት ዓመታት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ ቦርድ ከሁሉ በፊት ብየዳው ይሰነጠቃል፤ በተለይ ከባድ ዕቃ ባለበት፦ የአንቴና ኮኔክተሩ ሥር፣ የሪሌዩ እግሮች፣ የመጨረሻው ትራንዚስተር ክንፎች። እግሩን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን ግራጫ ቀለበት ካየህ እሱ ነው። አሮጌውን ብየዳ አቅልጠህ አንሳና አዲስ አድርግ። የሪሌዩን መገናኛዎች ለማጽዳት ስስ ካርቶን አልኮል ውስጥ ነክረህ በመካከላቸው አሳልፈህ ሳበው፤ በሞረድ አትፋቃቸው፣ ሽፋናቸው ይሄዳል። ትሪመሮቹንም ተመልከት። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ያረጃሉ፣ ይደርቃሉ፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ከሥር በኩል የረጠበ ካለ ሁሉንም አንድ ላይ ቀይራቸው፣ ውድ ዕቃ አይደሉም።

ትራንዚስተሩ ከሙቀት ማስተላለፊያው ጋር የተጣበቀበት ቅባት ደርቆ ኖራ ከሆነ ጥረገውና አዲስ ቀባው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ይገዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። የከተማው ቅዝቃዜ አያዘናጋህ። 30 ሴኮንድ ተናግረህ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው።   

አንድ የጤና ነገር። የዚያ ዘመን የቪ ኤች ኤፍ ኃይል ትራንዚስተሮች፣ እንደ 2 ኤን 6082 ያሉት፣ መሐላቸው ላይ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ምንም አያደርግም። ከተሰበረ ወይም ከተሞረደ ግን አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን ጉዳት ያደርሳል። የተቃጠለ ትራንዚስተር ስታወጣ በፒንሳ አትስበረው፤ ለልጆች መጫወቻም አትስጠው። እንዳለ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ኮሮቹ ደረስን። ጥያቄህ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው።

ሬዲዮህ የክሪስታሉን ፍሪኩዌንሲ 12 ጊዜ ያባዛል፦ 12.125 በ12 ሲባዛ 145.500 ነው፤ የድሮው ክሪስታልም 13.500 መሆን አለበት፣ በ12 ሲባዛ 162 ይመጣል። ማባዛቱ በአንድ ጊዜ አይደለም። በብዛት መጀመሪያ በ3 ይባዛል፣ 36.375 ይሆናል፤ ከዚያ በ2፣ 72.750፤ እንደገና በ2፣ 145.500። እያንዳንዱ ደረጃ የገባለትን ፍሪኩዌንሲ ብዙ ብዜቶች ያመነጫል፤ ኮይሉ የሚፈለገውን አሳልፎ ሌላውን የሚገታ ወንፊት ነው። አንተ ክሪስታሉን ቀየርክ፣ ወንፊቶቹ ግን አሁንም ለ162 የተበጁ ናቸው።

ከ162 ወደ 145.5 መውረድ 10 በመቶ ነው፤ ይህን ለማምጣት የኮይሉና የካፓሲተሩ ብዜት 24 በመቶ መጨመር አለበት። ኮሩ ብቻውን ይህን ያህል መንገድ ላይሄድ ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በትክክል የተስተካከለ ኮይል ንባቡ ወጥቶ ጫፍ ይደርስና ሲያልፈው ይወርዳል። ኮሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ንባቡ ገና እየወጣ ከሆነ ጫፉ ላይ አልደረስክም፤ ቦታ አልቆብሃል። ያን ጊዜ ከኮይሉ ጎን ትንሽ ካፓሲተር ትጨምራለህ። ያለው 15 ፒኮፋራድ ከሆነ 3.9 ይበቃዋል፣ 47 ከሆነ 12 ገደማ። ኤን ፒ ዜሮ የሚባለውን ሴራሚክ ተጠቀም፤ ሲሞቅ አይንሸራተትም። ልብ በል፣ የብረት ዱቄት ኮር ወደ ውስጥ ሲገባ ፍሪኩዌንሲውን ያወርዳል፣ የናስ ኮር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። የአንተ የትኛው እንደሆነ ሳታይ አትጀምር።

ቅደም ተከተሉ ከክሪስታሉ ወደ አንቴናው ነው። ከመጨረሻው ጀምረህ ዋትሜትር እያየህ ወደ ኋላ አትሂድ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎች የመለኪያ ሶኬት አላቸው፤ 50 ማይክሮ አምፔር በሚያነብ ሜትር የየደረጃውን ጤና ያሳያል። አንዱን ደረጃ ጫፉ ላይ አድርሰህ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ፣ ጨርሰህ ደግሞ ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ትደግመዋለህ። የነካሃቸው ሁለቱ ኮይሎችም ተራቸው ሲደርስ በዚሁ መንገድ ቦታቸውን ያገኛሉ። የመጨረሻውን ደረጃ ስታስተካክል ዓይንህ ዋቱ ላይ ብቻ አይሁን፣ አምፔሩም ላይ ይሁን። 25 ዋት በ5 አምፔር ከ27 ዋት በ7 አምፔር ይሻላል።

ከላይ ምክንያቱን አሳይሃለሁ ያልኩት እነሆ። ወንፊቶቹ ልክ ካልሆኑ ሬዲዮው ከዋናው ግራና ቀኝ በ12.125 ሜጋኸርዝ ርቀት ሌላ ሞገድ ይለቃል፦ 157.625 እና 133.375። ሁለተኛውን ተመልከተው። አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ቦሌ ከአንተ ጣሪያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ጓደኛህ 145.500 ላይ ጥርት አድርጎ ይሰማሃል፤ አንተ ግን ሳታውቀው ሌላ ቦታ ላይም እየተናገርክ ሊሆን ይችላል። ዋትሜትር ይህን አያሳይህም፣ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚቆጥረው። እንዲያውም በጭፍን ኮር እየጠመዘዙ «ጨመረ» የሚሉት ዋት ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው። መመርመሪያው ውድ አይደለም፤ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ ኤስ ዲ አር (በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ) ተቀባይ በቂ ነው። ዳሚ ሎዱ ላይ አስተላልፍና ተቀባዩን በአጭር ሽቦ ብቻ፣ ከአንድ ሁለት ሜትር ርቀት አድምጥበት። ከሬዲዮው ጋር በኬብል እንዳታገናኘው፣ ይቃጠላል። በጣም ከቀረበም ራሱ የሌለ ሞገድ ይፈጥራል፤ ስታርቀው ከዋናው ይልቅ ቶሎ የሚጠፋ ካለ እሱ የተቀባዩ ነው።

የክሪስታሉን ትሪመር የመጨረሻ አድርገው። ስህተቱም 12 ጊዜ ስለሚባዛ ክሪስታሉ ላይ 60 ኸርዝ ብትስት አየር ላይ 720 ኸርዝ ትስታለህ። ሬዲዮው አሥር ደቂቃ ሞቆ ይሁን።

ባትሪና ዳሚ ሎድ ካዘጋጀህ በኋላ ሦስት ቁጥሮች ጻፍልኝ፦ እያስተላለፈ ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልት፣ የሚስበው አምፔር፣ ዳሚ ሎዱ ላይ ያነበብከው ቮልት። የቦርዱን ፎቶም ከሁለት ወገን ላክልኝ። ካፓሲተር የት የት እንደሚጨመር እዚያ ላይ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።